ከፋሲካ በኋላ ለምናገባ፦ ዛንዚባር በሚያዝያ መጨረሻ ያዋጣል?

ሚያዝያ_18 · መጋቢት 3

ሰላም ለቤቱ። ሁሌ አንብቤ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ጻፍኩ።

ሠርጌ ሚያዝያ 18 ነው፣ እሑድ። ሰኞ መልስ፣ ማክሰኞ ጠዋት በረራ። ለጫጉላ ዛንዚባር ስድስት ሌሊት አስበናል። እጮኛዬ ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ አለው። ነጭ አሸዋ፣ ያዘመመ ዘንባባ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ውሃ። ቦታው ፓጄ ይባላል፣ ከደሴቲቱ በስተምሥራቅ ነው። ፎቶውን በቀን አሥር ጊዜ ከፍቶ ያየዋል። አንዳንዴ እኔን ሳይሆን እሱን የሚያገባ ይመስለኛል።

የቢሮ ጓደኛዬ ስትሰማ «በሚያዝያ? ዝናብ ልትቆጥሪ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው? ደግሞስ በመልስ ማግስት መብረር ይቻላል? ሹሩባዬና ሂናዬ የጨው ውሃ ይችላሉ? ሄዳችሁ የመጣችሁ እስቲ ንገሩኝ። ገንዘባችን ልክ አለው፤ ተበድረን አንሄድም።

የጥር_ሙሽራ · መጋቢት 3

እልልልል! እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት።

ጓደኛሽ ልክ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ትልቁን ዝናብ እነሱ ማሲካ ይሉታል። ሚያዝያ ዋናው ነው። እኛ በጥር መጨረሻ አግብተን ሄድን፤ ሰማዩ ደረቅ፣ ፀሐዩ እሳት። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ባይኖር ቀልጠን እንቀር ነበር። ግን የፈረንጅ ሰሞን ስለሆነ ዋጋው አናት ላይ ይወጣል።

የእኛ አገር ሠርግ እኮ ያለው ሁለት ወቅት ነው። ወይ ጥር፣ ወይ ከፋሲካ ማግስት። ሁዳዴ ሲገባ ዳሱ ይፈርሳል፣ ፋሲካ ሲወጣ እንደገና ይተከላል። ያን ጊዜ ደግሞ እዚያ ዝናቡ ዘፈን ከፍቶ ይጠብቅሻል። ሁለቱን ቀን መቁጠሪያ ያጋጨው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሹሩባሽን አትፍቺው! ለባሕር ከሱ የተሻለ የለም፤ እኔ ተኩሼው ሄጄ በመጀመሪያው ቀን ገለባ ሆነ። ሂናው ግን በአራተኛው ቀን ደብዝዟል። አታልቅሺ፣ እዚያም ሂና የሚስሉ ሴቶች ሞልተዋል።

ግንቦት_ላይ_ሄድኩ · መጋቢት 3

አታስፈራሯት። እኛ በግንቦት መጀመሪያ ሄደን ተመልሰናል፣ በሕይወት አለን። ዝናቡ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ ቀኑን ሙሉ አያለቅስም። ዱብ ይላል፣ ጣሪያውን ይነርተዋል፣ ያባራል፣ ከዚያ ፀሐይ ይወጣል። ሁለት ቀን ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ዘንቦብናል። ለሙሽሮች ሁለት የዝናብ ቀን ምን ይጎዳል? ዝርዝሩን ለራሳችሁ ትቼዋለሁ።

ዋጋው በጥር ከሚጠይቁት ግማሽ ገደማ ነበር። ሆቴሉ ውስጥ እኛና አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ብቻ ነበርን። ግን ልብ በይ፤ በዚያ ሰሞን ዘግተው ቀለም የሚቀቡ ሆቴሎች አሉ። ክፍት የሆኑትም ምግብ ቤታቸውን በግማሽ ነው የሚያሠሩት። ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

የባሕር_ጃርት · መጋቢት 4

ሁላችሁም ስለ ዝናብ ታወራላችሁ። ስለ ባሕሩስ?

ታሪኬን ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ የሄድነው ወደዚያው ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ማታ ደረስን፣ ማዕበሉን በጆሯችን እየሰማን ተኛን። በማግስቱ ቁርስ በልተን፣ የዋና ልብስ ለብሰን፣ ፎጣ ትከሻ ላይ ጣል አድርገን ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወጣን።

ባሕር የለም።

እየቀለድኩ አይደለም። እስከ አድማስ እርጥብ አሸዋ ብቻ። ጀልባዎች ጎናቸው ላይ ተጋድመዋል። ራቅ ብሎ ቀሚሳቸውን የሰበሰቡ ሴቶች ጎንበስ ብለው እንጨት ላይ በተወጠረ ገመድ የባሕር ሣር ያስራሉ። እዚያ አካባቢ የሴቶች ሥራ ነው፤ አድርቀው ይሸጡታል። ባለቤቴ «ፎቶው ላይ የነበረው ውሃ የት ሄደ?» አለችኝ። እኔ ምን ልበል፣ እኔ አልጠጣሁት።

የሆቴሉን ዘበኛ ጠየቅነው። ሳቀና «ሳ ኩሚ» አለን። ባለቤቴ ስልኳ ላይ ፈለገችው፤ ኩሚ ማለት አሥር ነው። ሰውየው ከፈረንጅ ጋር ስለሚውል በፈረንጅ ሰዓት የነገረን መሰለን። የፈረንጅ አሥር ማታ ማለት የኛ አራት ሰዓት ነው። እንግዲያውስ ምሳ በልተን እንተኛ ብለን ተኛን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንነቃ ባሕሩ መጥቶ፣ ሞልቶ፣ እንደገና እየሸሸ ነው።

ለካ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው! ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ፣ ሁለት እያሉ። ሳ ሲታ ስድስት ሰዓት ነው፣ እኩለ ቀን። ሳ ኩሚ አሥር ሰዓት ነው፣ የኛው አሥር ሰዓት። በዓለም ላይ ሰዓታችን ሳይተረጎም የሚገባን አንድ ደሴት አግኝተን እኛው ተርጉመን አበላሸነው።

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ይብሳል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል እስከ 4 ሜትር ልዩነት አለ። ምሥራቁ ዳርቻ ደልዳላ ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል እንኳ ብዙ ርቀት ይሸሻል። ቆጠርኩላችሁ፤ ዘንድሮ ሚያዝያ 23 ጨረቃዋ ሙሉ ናት። እናንተ ሚያዝያ 20 ትገባላችሁ። ረፋዳችሁ በሙሉ አሸዋ ነው።

ሰሜን ሂዱ። ኑንግዊና ኬንድዋ ባሕሩ ብዙም አይሸሽም፤ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል።

ስሜ ለምን ጃርት ሆነ ብላችሁ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ቀን እየተበሳጨሁ የሸሸውን ባሕር ልከተል ብዬ ባዶ እግሬን ሄድኩ። የባሕር ጃርት ረገጥኩ። ያው ዘበኛ ጥሬ ፓፓያ ቆርጦ ወተቱን ቀባኝ፣ እየሳቀ። የውሃ ጫማ ያዙ።

ቀበጧ_ከሲኤምሲ · መጋቢት 4

«እኔ አልጠጣሁት» 😂😂 ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ አለቃዬ አየኝ።

ዶላር_ቆጣቢ · መጋቢት 4

ይህን ሁሉ ከምትለፉ አርባ ምንጭ ሂዱ። ውሃ አለ፣ አሣ አለ፣ አዞም አለ። ቪዛ የለ፣ ጨረቃ መቁጠር የለ።

የጥር_ሙሽራ · መጋቢት 4

@ዶላር_ቆጣቢ አዞ ያለበት ውሃ ውስጥ ሙሽራ ዋኚ ትላለህ? ደግሞ አንተ ራስህ አላገባህም።

የዳላስ_እህት · መጋቢት 5

ከእህቴ ሠርግ በኋላ አብረን ስለሄድን (አዎ፣ ጫጉላቸው ላይ፣ አትጠይቁኝ) የወረቀቱን ነገር ልጻፍ።

ቪዛው በኢንተርኔት ነው፣ የታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ራሱ ባለው ገጽ ላይ። መንግሥት የሚመስሉ አስመሳይ ገጾች ስላሉ አድራሻውን ሁለቴ እዩ። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዝኩ 100 ዶላር ከፈልኩ። እህቴ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የሄደችው፤ የሷ መልስ ከኔ ዘግይቶ ስለመጣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ አጥተን ነበር። አሁኑኑ ጀምሩ።

ከቪዛው ሌላ ዛንዚባር የራሷ የጉዞ ኢንሹራንስ አላት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ግዴታ ነው። ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ለ92 ቀን ያገለግላል። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖርሽም ይሄን ትገዣለሽ።

የቢጫ ወባ ካርድ! ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጉ አሥር ቀን በኋላ ስለሆነ በሠርጉ ሳምንት አታስታውሺው። አሮጌ የዶላር ኖት አይቀበሉም፤ አዳዲሱን ይዘሽ ሺሊንግ መንዝሪ።

ነጠላ ያዢ። ስቶን ታውን (አሮጌው ከተማ) ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ነው ወጉ። የዋና ልብስ ባሕር ዳር ይቅር። እኔ ነጠላዬን ጣል ሳደርግ ሴቶቹ እየነኩ «ንዙሪ፣ ንዙሪ» ይሉ ነበር፤ ቆንጆ ማለት ነው።

ማሄ_የሚሠራ · መጋቢት 5

እኔ ሲሸልስ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ አዳልቼ ልናገር። በዚህ ወር ከጠየቃችሁኝ እዚህ ይሻላል። በሚያዝያ ነፋሱ አቅጣጫውን የሚቀይርበት ጊዜ ስለሆነ ባሕሩ ይተኛል፣ ውሃው ይጠራል፣ ጠልቆ ዓሣ ለማየት ምርጥ ነው። ቪዛ አያስፈልግም፤ በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ መሙላት ብቻ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋናዋ ደሴት ማሄ ቀጥታ በረራ አለ። ላ ዲግ የምትባለው ደሴት ላይ ሳይክል ተከራይታችሁ በእነዚያ ትልልቅ የግራናይት ድንጋዮች መካከል ስትሄዱ ዛንዚባር ይረሳችኋል።

ዋጋው ግን ያስለቅሳል። አልዋሽም፣ እኔ ራሴ እዚህ እየኖርኩ ምግቤን ቤት ነው የማበስለው።

ጋሼ_ቁንዶ · መጋቢት 6

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ።

እኔ ቅመም ነጋዴ ነኝ። ዛንዚባር የሄድኩት ለጫጉላ አይደለም፣ ያ ካለፈ አርባ ዓመት ሆነው። ግን ስድስት ሌሊት ሙሉ አሸዋ ላይ አትቀመጡ። አንዱን ቀን የቅመም እርሻ ሂዱ። ቅርንፉድ ዛፍ ላይ ምን እንደሚመስል አይተሽ ታውቂያለሽ? እንቡጡ አረንጓዴ ነው፣ ሲቀላ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚጠቁረው። ሠላሳ ዓመት ስሸጠው አበባ መሆኑን እዚያ ነው ያወቅሁት። ገውዝ ፍሬው ሲከፈት ውስጡ በቀይ መረብ ተጠቅልሎ ነው፤ ያየ አይረሳውም። ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ ይወጣል። ሄልም አላቸው። ኮረሪማ ግን የለም፤ አንዱ አስጎብኚ ሄሉን እያሳየ «ይኸው ኮረሪማ» ሊለኝ ነበር፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኩት። ለአማትሽ ቅርንፉድ አምጪ፣ በቡናም በሻይም ያስታውሱሻል።

ሌላው ስቶን ታውን ነው። በእንግሊዞች የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የቆመው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። መሠዊያው ያለው ሰዎች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ዛፍ ቦታ ላይ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ ሐውልቶች ቆመውበታል። በሱልጣኖቹ ቤት ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶችም ነበሩ። ይህን ሳውቅ አንድ ደቂቃ ዝም ብዬ ቆምኩ። ለጫጉላ የሚሆን ወሬ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ግን እዚያ ደርሶ ሳያዩ መመለስ አይሆንም።

ሚያዝያ_18 · መጋቢት 6

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለአማቴ የሚሆነውን አገኘሁ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወስኛለሁ። ፓጄን ትተን ሰሜን እንሄዳለን፣ ሁለት ሌሊት ደግሞ ስቶን ታውን። በረራውንም ወደ ሐሙስ እንገፋዋለን፣ እናቴ ከመልስ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩኝ አይሆንም ብላለች። ዛሬ ማታ ለእጮኛዬ እነግረዋለሁ።

ፎቶው_የኔ_ነው · መጋቢት 6

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እጮኛው ነኝ። ይህን ክር አንድ ጓደኛዬ ነው የላከልኝ፣ «ይሄ አንተ አይደለህም ወይ» ብሎ።

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ በቀን አሥር ጊዜ አላየውም። ሁለተኛ፣ የፓጄውን ሪዞርት ባለፈው ሳምንት ስድስቱንም ሌሊት ከፍያለሁ። ቅናሽ ነበረው። የማይመለስ ነው። ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነበር።

ሚያዝያ_18 · መጋቢት 6

ምን??

ቀበጧ_ከሲኤምሲ · መጋቢት 6

ፈንዲሻ ላምጣ።

የባሕር_ጃርት · መጋቢት 6

ወንድሜ አይዞህ። አብረን ነን፣ እኔም ቅናሽ ነበረው።

ግንቦት_ላይ_ሄድኩ · መጋቢት 7

«የማይመለስ» ማለት ገንዘቡ አይመለስም ማለት ነው እንጂ ቀኑ አይነካም ማለት አይደለም። በዝናብ ሰሞን ክፍላቸው ባዶ ነው። በትሕትና ጻፍላቸው፣ ሙሽሮች ነን በል፣ ስድስቱን ሦስት አድርጉልንና የቀረውን በምግብና በመኪና አስቡልን በል። እኛን አንድ ጊዜ እሺ ብለውናል። ከፓጄ እስከ ስቶን ታውን በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው።

ደግሞ ፓጄን እንዲህ አታጣጥሉት። ሳ ኩሚ ላይ ባሕሩ ሲመጣ ማየት ለብቻው ትርኢት ነው።

የዳላስ_እህት · መጋቢት 7

@ፎቶው_የኔ_ነው እዚያው ምሥራቅ ስላላችሁ ፒንግዌ ያለውን ዘ ሮክ የሚባለውን ምግብ ቤት ያዝላት። ባሕር ውስጥ አንዲት ቋጥኝ ላይ የተሠራ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ትገባላችሁ፣ ሲሞላ በጀልባ ያወጧችኋል። ቀድመህ ቦታ ያዝ። በጸሎት ጭምር።

ሚያዝያ_18 · ግንቦት 4

ተመለስን! ባለትዳር ሆኜ የምጽፈው የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ።

ሪዞርቱ እሺ አለ፤ ሦስት ሌሊት ፓጄ፣ ከዚያ አንድ ኬንድዋ፣ ሁለት ስቶን ታውን። ሚያዝያ 22 ገባን። ሌሊቱን ዘነበ። የዘንባባ ቅጠል ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው አይደለም፤ ሹክሹክታ ነው። ሲነጋ አባራ። አራት ሰዓት ላይ ወጣን፣ እንደተነገረን ባሕር የለም። ባሌ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከአሸዋው ጋር አስተያየው። ምንም አላለም። የውሃ ጫማችንን አድርገን ወደ ሴቶቹ ሄድን። አንዷ ገመዱ ላይ ሣሩን እንዴት እንደምታስር አሳየችኝ፤ ሦስት ሞክሬ ሦስቱም ተፈቱ። ስሜን ጠየቀችኝ፣ እጄ ላይ ያለውን ሂና አየችና «ፉንጋቴ?» አለችኝ። ጫጉላ ማለት ነው። ከዚያ ለጎረቤቷ ጮክ ብላ ነገረች፣ ሁሉም እየሳቁ እጃቸውን አወዛወዙልን። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ ባሕሩ መጣ። በእግር የሄድንበት ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ልክ እንደ ፎቶው፣ የተጋደሙት ጀልባዎች ቀስ ብለው ተነሱ። ባሌ «አላልኩሽም?» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይለኛል።

ኬንድዋ ቀኑን ሙሉ ዋኘን፣ ግን ቀን ላይ ጀልባ ልውሰዳችሁ፣ ዶቃ ግዙ የሚሉ ልጆች ፋታ አይሰጡም። ፓፓሲ ነው የሚሏቸው፣ መዥገር እንደማለት። ስም አወጣጡ ከባድ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ነው። «ሃፓና፣ አሳንቴ» ብሎ ማለፍ ነው፤ አይ፣ አመሰግናለሁ።

ስቶን ታውን አንድ ቀን ሙሉ ዘነበብን። ጆስ ኮርነር የሚባል ቦታ ሽማግሌዎች ድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ቡና ሻጩ በትንንሽ ጆሮ በሌላቸው ሲኒዎች ይቀዳል። ልክ የኛ ሲኒ። አንዱ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ኢትዮጵያ ስንል «እንግዲያው ይሄ የናንተ ነው» ብሎ ሲኒውን ወደ ባሌ ገፋው፣ አላስከፈለንም። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ከድንጋይ ከሰሉ ጢስ ውስጥ ቆመን የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ ጠጣን።

ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሄድን። እንዳሉት ዝም ብለን ቆምን። ቅርንፉዱን አማቴ ወደውታል።

ሹሩባዬ እስካሁን አለ። ሂናዬ ግን አራተኛው ቀን ላይ ሄደ፣ @የጥር_ሙሽራ እንዳልሽው።

የጥር_ሙሽራ · ግንቦት 4

እሰይ! ዘ ሮክስ?

ፎቶው_የኔ_ነው · ግንቦት 4

በእግር ገባን፣ በጀልባ ወጣን። ሰዓቱን እኔ ነኝ ያሰላሁት።

ሚያዝያ_18 · ግንቦት 4

ዘበኛው ነው ያሰላለት።

ዶላር_ቆጣቢ · ግንቦት 5

አንድ ጥያቄ። ለአንድ ጓደኛዬ ነው። የውሃ ጫማውን ከየት ገዛችሁት?

የጥር_ሙሽራ · ግንቦት 5

ጓደኛህ ሊያገባ ነው? 👀

ሚያዝያ_18 · ግንቦት 5

መርካቶ። ልክ የሚሆነውን ይግዛ፣ ሲረጥብ ይላላል።